የሚዲ ኪቦርድ መቆጣጠሪያዎችና መሰኪያዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የገዛሁትን ባለ 49 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ ከድምፅ ማጉያ ጋር ለማገናኘት ብሞክርም የድምፅ መውጫ አጣሁበት። ዕቃው ጎዶሎ ይሆን?

መልስ፦ ጎዶሎ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ኪቦርድ በራሱ ድምፅ አያመነጭም፤ ከእርሱ የሚወጣው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ የሚገልጽ፣ ሚዲ የሚባል መልእክት ብቻ ነው። ድምፁን የሚሠራው በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ የተጫነ ፕሮግራም፣ አለዚያም ሌላ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያመነጭ መሣሪያ) ስለሆነ፣ ወደ ማጉያው የሚሄደው ገመድ መነሣት ያለበት ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከኋላው የዩኤስቢና ባለ አምስት እግር ክብ መሰኪያ አለው። ሁለቱንም ልሰካ?

መልስ፦ ኮምፒውተር ካለዎት ዩኤስቢው ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉንም ኪቦርዱ ከዚያው ያገኛል። ክቡ መሰኪያ በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነው የሚዲ ስምምነት ጋር የመጣ ሲሆን፣ ያለ ኮምፒውተር ከሲንተሳይዘር ጋር ለመገናኘት ዛሬም ያገለግላል። ሲሰኩት የኪቦርዱ «አውት» (መውጫ) ወደ ሲንተሳይዘሩ «ኢን» (መግቢያ) ይግባ። በዚህ ገመድ በኩል ኪቦርዱ ኃይል ስለማያገኝ፣ ዩኤስቢውን ከቻርጀር ጋር ማገናኘት ወይም የራሱን አዳፕተር መጠቀም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰስቴን ፔዳሉን (ድምፁን የሚያስረዝመውን የእግር መርገጫ) ስረግጥ ድምፁ ይቆረጣል፤ ስለቀው ደግሞ ይረዝማል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። አንዳንዱ ፔዳል ሲረገጥ የኤሌክትሪኩን መሥመር ያገናኛል፣ ሌላው ደግሞ ያቋርጣል። ብዙ ኪቦርዶች በሚበሩበት ቅጽበት የፔዳሉን ሁኔታ አይተው «ያልተረገጠ» ብለው ስለሚይዙት፣ ኪቦርዱን አጥፍተው ፔዳሉን ይሰኩና እግርዎን ሳያሳርፉበት መልሰው ያብሩት። በፔዳሉ ሥር ትንሽ መለወጫ ካለ እርሱም ይህንኑ ያስተካክላል።

ጥያቄ፦ በግራ በኩል ያሉት ሁለት ዊሎች ልዩነታቸው ምንድን ነው? በማሲንቆ ድምፅ ስጫወት ኖታውን ማንሸራተት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሚፈልጉት የኖታውን ከፍታ የሚያንሸራትተውን ፒች ቤንድን ነው፤ እርሱ ሲለቀቅ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ሁለተኛው ዊል ሞጁሌሽን (ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያርገበግበው) ግን ባቆሙት ቦታ ይቀራል። ጆሮ በኖታ ከፍታ ላይ የሚታይን ትንሽ ዝላይ ቶሎ ስለሚለይ፣ ተራው መቆጣጠሪያ 128 ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት ለፒች ቤንድ 16,384 ተመድበውለታል። አብዛኛው ፕሮግራም የሚነሣው ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ግማሽ ድምፅ በማንሸራተት ሲሆን፣ መጠኑ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው በኪቦርዱ ላይ ሳይሆን በድምፁ ፕሮግራም ውስጥ ነው። እኔ ለማሲንቆ በሁለት ግማሽ ድምፅ እንዲቆዩ እመክራለሁ፤ ሲሰፋ የጣት ትንሽ ስሕተት ከቅኝቱ ያስወጣል። በተጨማሪም ፒች ቤንድ በአንድ ቻናል (የሚዲ መልእክት መላኪያ መሥመር) ላይ የሚሰሙትን ኖታዎች ሁሉ አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ማሲንቆም ባለ አንድ አውታር ስለሆነ፣ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ብዙ ኖታዎች) ይዘው አያንሸራቱ።

ጥያቄ፦ ኖቦቹን (ክብ መቆጣጠሪያዎቹን) ባዞርም በፕሮግራሙ ላይ ምንም አይለወጥም።

መልስ፦ እያንዳንዱ ኖብ የሚልከው የራሱን መለያ ቁጥርና ከ0 እስከ 127 ያለ መጠን ነው። 1 ለሞጁሌሽን፣ 7 ለድምፅ መጠን፣ 64 ለሰስቴን የታወቁ ናቸው፤ ሌላውን ግን ፕሮግራሙ ካልተነገረው አያውቀውም። በፕሮግራሙ ውስጥ «ሚዲ ለርን» የሚለውን ከፍተው መለወጥ የሚፈልጉትን ይምረጡ፣ ከዚያም ኖቡን ያዙሩት።

ጥያቄ፦ ፒያኖ መርጬ ከበሮ ይሰማኛል።

መልስ፦ ኪቦርዱ በቻናል 10 እየላከ ሊሆን ይችላል፤ በጄኔራል ሚዲ (የድምፆችን አመዳደብ አንድ ዓይነት ባደረገው ደንብ) ሥርዓት ይህ ቻናል ለከበሮ የተተወ ነው። ወደ 1 ይመልሱት።