«ኖቲስ»ን ማስታወቂያ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው

እህቴ፣ «የቤቴ በር ላይ ኖቲስ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፤ ስልኬ ማስታወቂያ ብሎ ተረጎመልኝ፤ ብተወው ችግር አለው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አሁን ከሥራ ስገባ አየሁት። አለው እንጂ! ጥለሽው ከሆነ ከቆሻሻ ውስጥም ቢሆን አውጪው። ይህን የምልሽ 2,400 ዶላር ከፍዬ ስለተማርኩት ነው።

1. ስልክሽ አልዋሸም። ጣጣው ያለው አማርኛችን ላይ ነው። እኛ ጋ የሳሙናውም የቢራውም ማስታወቂያ ነው። ቀበሌ ማኅተም መትቶ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፈውም ማስታወቂያ ነው። የድሮው ማስታወቂያ ሚኒስቴርም ሳሙና አይሸጥም ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ሊሸጡልሽ የፈለጉት ነገር ካለ አድ ነው፣ ፍላየር ነው። ኖቲስ ሲሉ «ነግሬሻለሁ፣ ኋላ አላወቅኩም እንዳትዪ» ማለታቸው ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ውስጥ የሆነ የቀን ገደብ ተቀምጧል።

2. እኔ የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ላይ ቨርጂኒያ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበረኝ፣ በወር 1,450። ያን ሰሞን የበሩ እጀታ ላይ የፒዛ፣ የምንጣፍ አጣቢ፣ የኢንተርኔት ወረቀት የማይንጠለጠልበት ቀን አልነበረም። ኖቲሱም ከነሱ ጋር መጣ። እንዳንቺው ስልኬን ጠየቅኩት፣ «ማስታወቂያ» አለኝ። ከፒዛው ወረቀት ጋር ደርቤ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና ሽንኩርት ላጥኩበት። ለካ «ውልህ ሊያልቅ ነው፤ የምትለቅ ከሆነ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቀን» ነበር የሚለው። (ቀኑ እንደ ስቴቱና እንደ ውሉ ይለያያል። ያንቺ 30 ሊሆን ይችላል።)

ከዚያ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ልንጋራ ተስማማን። ልለቅ አንድ ወር ሲቀረኝ ቢሮ ገብቼ ለሴትዮዋ ነገርኳት። በቃል። ፈገግ ብላ «ኦኬ» አለችኝ። እኔ ኦኬ ሲባል ነገሩ ያለቀ መስሎኝ! እሷ ግን «ሰማሁህ» ማለቷ ነበር። ቁልፍ ላስረክብ ስሄድ ያቺው ሴትዮ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ኖቲስህ የታል?» አለች። በር ላይ የለጠፉትን ወረቀት መልስ የምትለኝ መሰለኝ። «ቆሽሾ ጣልኩት» አልኳት። ሳቀች። ከጎኗ ያለችውም ሳቀች። አንድ ዓመት ሙሉ ኪራይ በሰዓቱ የከፈልኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን አላዘገየሁም። ላስረዳ ስሞክር «ውልህን አንብብ» ብላ ወደ ስልኳ ዞረች። የሁለት ወር ኪራይ 2,900፣ ስገባ ያስያዝኩት ዲፖዚት 500 ተቀነሰና 2,400 ቀረብኝ። በወር 200 እየገፋሁ ዓመት ፈጀብኝ።

ያን ዕለት ያልገባኝ ምን መሰለሽ? ኖቲስ የሚመጣልሽ ብቻ ሳይሆን አንቺም የምትሰጪው ነገር ነው። «ማስታወቂያ ስጪ» ሲባል በአማርኛ ስሜት አይሰጥም፤ ለዚያ ነው ጭንቅላቴ ያልተቀበለው። ኋላ የበለጠ ያናደደኝ ደግሞ ነገሩ ለኛም አዲስ አለመሆኑ ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011፣ ይህንኑ «ማስጠንቀቂያ» ይለዋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። እኔም ከአገር ስወጣ ደብዳቤ አስገብቼ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥቼ ነው የለቀቅኩት። ደንቡን እያወቅኩ በቃሉ ተሸወድኩ። ስልኬ «ማስጠንቀቂያ» ቢለኝ ኖሮ ወረቀቱ ሽንኩርት አይነካውም ነበር።

3. ሁሉም ኖቲስ አያስደነግጥም። ኢሚግሬሽን የሚልከው አይ 797 ብዙ ጊዜ «ማመልከቻሽ ደርሶናል» የሚል ነው። በሦስት ፊደል የሚጀምር ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር አለው፤ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪው። «ኖቲስ ቱ አፒር» ካለ ግን የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ቋንቋው ይለስልስ እንጂ መጥሪያ ነው። እሱን እዚህ አትጠይቂን፣ ጠበቃ ጋ ሂጂ። የታክስ ከሆነ ጥጉ ላይ ሲፒ የሚል ቁጥር ፈልጊ። ሲፒ 2000 ማለት አንቺ የሞላሽውና አሠሪሽ ወይም ባንክሽ ያሳወቀው አልገጠመም ማለት ነው። ገና ክፈዪ የሚል ሂሳብ አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የ30 ቀን መልስ ይጠብቃል። ሊፍት ላይ «አንቲል ፈርዘር ኖቲስ» ካየሽ ደግሞ ሌላ እስኪሉ ድረስ በደረጃ ውጪ።

4. ሥራ ላይ «ቱ ዊክስ ኖቲስ» ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ ከመልቀቅሽ ሁለት ሳምንት በፊት አሳውቂ ማለት ነው። የፌዴራል ሕግ አያስገድድሽም፣ ልማድ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልጽፍ የለቀቅኩት ነገር የለም። ከፓርኪንግ ሥራዬ ስወጣ አራት መስመር ጻፍኩ፣ ሁለት ኮፒ አደረግኩ፣ አንዱ ላይ ማናጀሬን አስፈረምኩት። «እዚህ ቤት እንደዚህ ያደረገ ሰው አላየሁም፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። በአማርኛ «ሽንኩርት ልጬ አውቃለሁ» አልኩት። የሚቀጥለው መሥሪያ ቤት ስለኔ ሲጠይቀው ጥሩ ነገር ተናግሮልኛል። ኮፒው አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ።

አምስተኛም ነበረኝ፣ ጠፋኝ።

ብቻ አሁን ወረቀቱን አንሺና ማን እንደላከው እዪ። ከላይ የታተመውን ቀን ደግሞ እዪ፤ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው አንቺ ካነበብሽበት ሳይሆን ከዚያ ነው። ያንቺም እንደኔው የቤት ውል ነው ብዬ ገምቻለሁ። ልትለቂ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፊ፣ ቢሮ ስትሰጪም ኮፒው ላይ ቀንና ፊርማ ተቀበይ። «ኦኬ» ቢሉሽ እንዳትወጪ። ስምሽንና አድራሻሽን ሸፍነሽ ፎቶውን ከታች ለጥፊው፣ እስከ አምስት ሰዓት አልተኛም።