የእናቴን ነጠላ በሳፋ ለወጠብኝ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ችግሬ ልብስ ከቤት ማውጣት አለመቻሌ ነው። ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥኑ ከሞላ ቆየ። አልጋ ሥር ሁለት ሻንጣ አለ፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደግሞ በማዳበሪያ የታሰረ። የሰርግ ቀሚሶች፣ እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ፣ ከመውለዴ በፊት የምለብሳቸው ጂንሶች፣ የእናቴም ልብሶች አሉበት። እናቴ ካረፈች በመጪው ግንቦት ሁለት ዓመት ይሞላታል። ባለቤቴ "ቀንሺው" እያለ ለዓመታት ለምኖኛል። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ አንዱን ማዳበሪያ ለልዋጭ ሰጥቶ ሳፋና ስድስት ብርጭቆ ተቀብሏል። የእናቴ ነጠላ እዚያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አናወራም። እሱ "ጨርቅ ከእኔ በለጠብሽ?" ይለኛል። ጥፋቱ የማን ነው? ወይስ እኔ ታምሜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማርልሽ። ሁለት ዓመት ለእናት ሐዘን ሩቅ አይደለም።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌሊት የሚያባንንሽ እሱ ይመስለኛል። ዕቃ የማከማቸት ሕመም የሚባል ነገር አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ራሱን ችሎ ተመዝግቧል። ዕቃው ጠቀመም አልጠቀመ ሰውየው መጣል አይችልም። ቤቱ ከመሙላቱ የተነሳ አልጋው አይተኙበትም፣ ማድ ቤቱ አይበሰልበትም። ባዶ ፌስታል፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የተሰበረ ዕቃም እንደዚያው የሚከመርብሽ ከሆነና ነገሩ ከወጣትነትሽ ጀምሮ እየባሰ የመጣ ከሆነ በአቅራቢያሽ ወዳለ የሥነ አእምሮ ክፍል ሂጂ። በደብዳቤ ምርመራ አይሰጥም። የጻፍሽልኝ ግን ሁሉም ልብስ ነው፤ ከእያንዳንዱ ልብስ ጀርባ ደግሞ ሰው ቆሟል። እህትሽ አለች፣ የሰርጎቹ ሙሽሮች አሉ፣ ያኔ የነበርሽው ቀጭን ልጅ አለች፣ እናትሽ አሉ። ይህ በሽታ አይመስለኝም።

ባለቤትሽ አጥፍቷል። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። የሰው ልብስ ሰው በሌለበት አይነካም፤ የሟች ልብስ ደግሞ ባገራችን ደንብ አለው። ቤተሰብ ይካፈለዋል፣ የቀረው በስማቸው ለነዳያን ይሰጣል፣ የተቀበለው ሰው "ነፍስ ይማር" ይላል። የእናትሽ ነጠላ ይህ ሁሉ ቀርቶበት በሳፋ ተለወጠ። የጎዳሽ ነጠላው ከቤት መውጣቱ ብቻ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ለተቀመጠች አንዲት እናት በእጅሽ አልብሰሻት ቢሆን ኖሮ አልቅሰሽ፣ ግን ቀለል ብሎሽ ትመለሺ ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእሱ ሸሚዞች የት ነው የሚቀመጡት? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ እሱ ልብስ አንድም ቃል የለበትም። ዛሬ ማታ ቁም ሳጥኑን ክፈቺና እዪ። ሸሚዞቹ የበር መስቀያ ላይ ወይም ወንበር ላይ ተደራርበው ካገኘሻቸው፣ "ጨርቅ ከእኔ በለጠብሽ?" ያለው ለነገር ሲልሽ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ቦታ አጥቶ ነው። ያደረገውን ትክክል አያደርገውም። ንዴቱ ከየት እንደመጣ ግን ያሳይሻል።

ማውጣት ለምን እንደሚከብድሽም ልንገርሽ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ አደሉ። ኩባያ የደረሳቸውን "በስንት ትሸጡታላችሁ?"፣ ያልደረሳቸውን "በስንት ትገዙታላችሁ?" አሏቸው። ባለቤቶቹ ገዢዎቹ ከሚሰጡት እጥፍ ገደማ ጠየቁ። ኩባያው ያው ነው፤ "የኔ" በመባሉ ብቻ ተወደደ። ያ እንግዲህ ዕለቱን የተሰጠ ተራ ኩባያ ነው። እናት ትከሻ ላይ የኖረ ነጠላማ ሌላ ነው። ሽታ ደግሞ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በአጭር መንገድ ትዝታና ስሜት ወደሚያድሩበት የአንጎል ክፍል ይደርሳል። ስለዚህ የእናታቸውን ነጠላ ሽታው እንዳይሄድ ሳያጥቡ በፌስታል ቋጥረው የሚያስቀምጡ ሴቶች አሉ። አንዷ ቋጠሮውን ስትፈታልኝ የእጣንና የቡና ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጨርቁን ግን ጫፍ ጫፉን ብል በልቶት ነበር። እሷም ያን ያየችው ያኔ ነው። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ከእናትሽ ልብስ አትጀምሪ። ከሐዘን ልብስሽ ጀምሪ። ያ ጥቁር ልብስ አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሎ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። እናትሽን ለማስታወስ እሱ አያስፈልግሽም። ቀጥሎ ጂንሶቹ። ሁለት ልጅ የወለደ ሰውነት በየጠዋቱ በጠበበ ሱሪ ሊወቀስ አይገባውም። የሰርግ ቀሚሶችሽን አልጋ ላይ ዘርጊያቸውና ለበዓል የምትለብሺያቸውን ሁለት ምረጪ። ከቀሩት ጥለቱ የሚያሳሳሽ ካለ ልብስ ሰፊ ነቅሎ በሌላ ጨርቅ ላይ ይሰፋልሻል። የዱባዩ ልብስ ላይ የያዘሽ ይሉኝታ ነው። እህትሽ መጥታ "ያ ቀሚስ የት ደረሰ?" እንዳትልሽ ትፈሪያለሽ። ደውይላትና "አይሆነኝም፣ ለእገሊት ልስጣት?" በያት። ብዙዎቹ ላኪዎች ምን እንደላኩ እንኳ አያስታውሱም። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ አትበይ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

የእናትሽ ልብሶች እስከ ግንቦት ይቆዩ። ያኔ ወንድምና እህት ካለሽ ጥሪያቸው፣ አብራችሁ ክፈቱት። ለራስሽ አንድ ወይም ሁለት አስቀሪ፤ ያስቀረሽውን ግን ልበሺው እንጂ አትቋጥሪው። የቀረውን በስማቸው ስጡ። ባለቤትሽም ይምጣ፣ ሻንጣውን እሱ ይሸከም።

ከዚያ በፊት ከእሱ የምትጠይቂው ነገር አለ። ልዋጮች በየሰፈሩ ይመላለሳሉ። ያን ልጅ በመልክ ካወቀው ፈልጎ ይጠይቀው። ከአንድ ወር በኋላ ነጠላው የመገኘቱ ነገር ጠባብ ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን ሥራ ፈትቶ ለእናትሽ ነጠላ መንገድ ላይ ሲዞር ማየት "ይቅርታ" ከሚል ቃል በላይ ያሳርፍሻል። አንቺም በበኩልሽ አንዱን የቁም ሳጥን በር ሙሉ በሙሉ ለእሱ ልቀቂለት። ሳትጣሉ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ "ነጠላው ለኔ እናቴ ነበረች፤ ሳትጠይቀኝ ስትሰጥ ሁለተኛ የሞተችብኝ ያህል ነው የተሰማኝ" በይው። ጨርቅ እንዳልነበረ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሳፋውን ማየት ካስጠላሽ ለጎረቤት ስጪው። ግን መጀመሪያ ንገሪው።