የነዋሪዎች አስተያየት በቤቶች ልማትና በከተማ ፕላን ላይ፦ ጥያቄና መልስ

በከተማ ፕላን ሙያ የምሠራ በመሆኔ፣ በሚኖሩበት አካባቢ አዳዲስ የመኖሪያ ቤቶች ሊገነቡ የታቀደባቸው ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሠፈራችን አጠገብ ባለው ክፍት መሬት ላይ ባለብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃዎች ሊሠሩ ነው ተብለን ለስብሰባ ተጠራን፤ ሐሳባችንንም ሰጠን። ነገር ግን ንድፉ አስቀድሞ ያለቀ ነበር። እንዲህ ያለው ምክክር ምን ትርጉም አለው?

መልስ፦ ያለቀ ንድፍ ዘርግቶ ሐሳብ መጠየቅ ማሳወቅ እንጂ ምክክር አይደለም። ማሳወቅ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሆኖም በምክክር ስም መጠራት የለበትም። ሼሪ አርንስታይን የተባለችው አሜሪካዊት በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ የነዋሪዎችን ተሳትፎ ስምንት እርከኖች ባሉት መሰላል መስላዋለች። የታችኞቹ ሁለት እርከኖች ተሳትፎ መስለው የሚታዩ፣ ነዋሪውን ለማሳመንና ለማባበል ብቻ የሚውሉ ናቸው፤ ማሳወቅ ሦስተኛው፣ ሐሳብ መጠየቅ አራተኛው እርከን ሲሆን፣ ነዋሪው በውሳኔው ላይ በእርግጥ ድርሻ ማግኘት የሚጀምረው ከስድስተኛው እርከን አንሥቶ ነው። እርስዎ የነበሩበት ስብሰባ፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ከሦስተኛው እርከን አላለፈም።

ነገሩን የሚወስነው ጊዜው ነው። በ1998 በዴንማርክ አርሁስ ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአካባቢ ላይ ተጽዕኖ ያላቸው ውሳኔዎች ሲወሰኑ ሕዝቡ መሳተፍ ያለበት አማራጮቹ ሁሉ ገና ክፍት ሳሉ መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል። ምክንያቱ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም፦ ዋና መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለትምህርት ቤት እንደሚውል የሚወሰነው የከተማውን አጠቃላይ አቀማመጥ በሚይዘው መዋቅራዊ ፕላንና የአንድን ሠፈር ዝርዝር በሚይዘው የአካባቢ ልማት ፕላን ደረጃ ነው፤ ጉዳዩ የግንባታ ፈቃድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን አልሚው፣ ማለትም ግንባታውን የሚያካሂደው ወገን፣ ለንድፉ ከፍሏል፣ የባንክ ብድሩም ተፈርሟል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ ገንዘብ የሚያስወጣ ይሆንና ነዋሪው የሚለውጠው የአጥሩን ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባዎት፣ ዕቅዱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ፣ እስካሁን ያልተወሰነው ነገር ምን እንደሆነ፣ ነዋሪው ላነሣው ነጥብ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ኃላፊነት ያለበት ማን እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በስብሰባው ላይ የተናገረው ሰው ሁሉ ተቃወመ፤ ዕቅዱ ግን ጸደቀ። ይህ የብዙኃኑን ድምፅ መናቅ አይደለም?

መልስ፦ በስብሰባ የተገኘ ሰው ሁሉ ተቃወመ ማለትና የአካባቢው ሰው ሁሉ ተቃወመ ማለት አንድ አይደሉም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ባሉ በርካታ ከተሞች የተካሄዱ የፕላን ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ መርምረው በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ተናጋሪዎቹ ከአጠቃላዩ ነዋሪ ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ የገፉ፣ በአካባቢው ብዙ ዘመን የኖሩና የቤት ባለቤት የሆኑ ሰዎች እንደነበሩ፣ አብዛኞቹም አዲስ ግንባታን ይቃወሙ እንደነበር አሳይተዋል። በሌሎች አገሮች ያሉ ባለሙያዎችም ይህንኑ የሚመስል ነገር ሲመለከቱ ኖረዋል።

ታዲያ ያልተሰማው የማን ድምፅ ነው? ተከራዩ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚኖር እርግጠኛ ስላልሆነ ስለ አሥር ዓመት ዕቅድ ለመከራከር ወኔ አያገኝም። በምሽት ፈረቃ የሚሠራው ሰው በስብሰባው ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ ሕፃን ያላት እናትም ልጇን የሚይዝላት ሰው ካላገኘች አትመጣም። ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ፣ ቤቶቹ ሲያልቁ የሚገቡባቸው ሰዎች ዛሬ በሌላ ሠፈር፣ ምናልባትም በወላጆቻቸው ቤት በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው የሚኖሩ ናቸውና፣ ስብሰባ መጠራቱን እንኳ አልሰሙም። በዕቅዱ ከማንም በላይ የሚጠቀሙት ሰዎች ስለ ዕቅዱ አንድም ጊዜ አለመጠየቃቸው፣ በእኔ እምነት፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ይህ ማለት ግን ባለሥልጣን ተቃውሞን የጥቂቶች ጩኸት ነው ብሎ ይለፈው ማለት አይደለም። በአንድ ቦታ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ዝናብ ሲጥል ውኃው የት እንደሚተኛ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የትኛውን መንገድ እንደሚያቋርጡ ያውቃል፤ ይህ እውቀት በማንኛውም መሐንዲስ ካርታ ላይ አይገኝም። ስለዚህ አስተያየት የሚመዘነው በተናጋሪው ብዛት ሳይሆን በያዘው ነገር መሆን አለበት፤ አንድ ሰው ብቻ ያነሣው የጎርፍ ጉዳይ መቶ ሰው ከፈረመበት «ሕንፃው እይታችንን ይጋርዳል» የሚል ቅሬታ ሊበልጥ ይችላል። ወደ ስብሰባ ያልመጡትንም ፈልጎ ማግኘት የጠሪው ግዴታ ነው። ቤት ለቤት መጠየቅ፣ ስብሰባውን በዕረፍት ቀን ማድረግ፣ ወይም በዕጣ የተመረጡ ነዋሪዎችን ሰብስቦ ማወያየት የታወቁ መንገዶች ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕጣ መምረጡ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ዝምተኛውን ከተናጋሪው እኩል ያስቀምጣል።

ጥያቄ፦ አዲሶቹ ሕንፃዎች ከእኛ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው የሚሠሩት። ጎርፍ ያመጡብናል ብለን ብንሰጋ ሥጋታችን ተገቢ ነው?

መልስ፦ እጅግ ተገቢ ነው፤ በቁጥር ሊቀርብ የሚችል ሥጋት በመሆኑም ከሌሎቹ የተሻለ ክብደት አለው። መሐንዲሶች ከአንድ ቦታ የሚፈስሰውን የዝናብ ውኃ ሲያሰሉ የመሬቱን ስፋትና የዝናቡን ኃይል፣ ከዝናቡ ምን ያህሉ ወደ መሬት ሳይሰርግ እንደሚፈስስ ከሚያሳይ ቁጥር ጋር ያባዛሉ። ይህ ቁጥር በሣር በተሸፈነ መሬት ላይ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ከ0.05 እስከ 0.35 ሲሆን፣ በጣሪያና በአስፋልት ላይ ከ0.7 እስከ 0.95 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፣ መስኩ በሕንፃና በመንገድ ሲሸፈን ያው ዝናብ ቀድሞ ይልከው ከነበረው ውኃ ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ወደ ታች ሊልክ ይችላል፤ ደግሞም በፍጥነት ስለሚደርስ ነባሩ ቦይ ሊሸከመው አይችልም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውኃውን በግቢው ውስጥ ለጊዜው የሚይዝ ኩሬ ወይም የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ፣ ውኃ የሚያሰርግ ንጣፍ፣ ሳይነካ የሚተው አረንጓዴ ቦታ። አልሚውን መጠየቅ ያለባችሁ የውኃ ፍሰት ስሌቱ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ዝናብ እንደተሠራ፣ ከግንባታ በኋላ ከግቢው የሚወጣው ውኃ ከግንባታው በፊት ከነበረው እንደማይበልጥ ዋስትና ይሰጥ እንደሆነ፣ ማጠራቀሚያው ደለል ሲሞላው ማን እንደሚጠርገው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው ኪራይ ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። የትኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ኃይሎች አሉ። አዲስ ሕንፃ ሱቅና መንገድ ይዞ ሲመጣ አካባቢውን ተፈላጊ ያደርገዋል፤ በሌላ በኩል የቤቱ ቁጥር ስለሚበዛ አከራዩ ተከራይ ለማግኘት ይሻማል። በአሜሪካ ከተሞች በዝቅተኛ ገቢ አካባቢዎች በተሠሩ ትላልቅ የኪራይ ሕንፃዎች ዙሪያ የተደረገ ጥናት፣ በአቅራቢያቸው ያለው ኪራይ ሕንፃው ባይሠራ ኖሮ ሊደርስበት ከሚችለው ያነሰ ሆኖ እንደተገኘ ያሳያል። የኒውዚላንዷ ኦክላንድም በ2016 ባጸደቀችው ፕላን በአብዛኛው የመኖሪያ መሬቷ ላይ ጠጋ ጠጋ ያሉ ቤቶች እንዲሠሩ ከፈቀደች በኋላ የግንባታ ፈቃዶች ቁጥር በጉልህ ጨምሯል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ደግሞ ገበያው እስኪረጋጋ የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ስለዚህ ጉዳዩን ለገበያ ብቻ ያልተዉ ከተሞች አሉ። የቪየና ከተማ አስተዳደር ወደ 220,000 የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች ባለቤት ነው፤ በሲንጋፖር ደግሞ በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ በሠራቸው ቤቶች ውስጥ ከነዋሪው 80 በመቶ ያህሉ ይኖራል። በስብሰባችሁ ላይ «አቅምን ያገናዘበ ቤት» የሚል ቃል ሲነገራችሁ፣ የማንን አቅም እንደሆነና የዋጋ ገደቡ ለስንት ዓመት እንደሚጸና ጠይቁ፤ ገደቡ ጊዜው ሲያልፍ ቤቱ ወደ ገበያ ዋጋ የሚመለስባቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ለልማቱ ሲባል የምንነሣ ነን። ለእኛ ምክክር ማለት ካሳ መቀበል ብቻ ነው?

መልስ፦ መሆን የለበትም። ካሳ የፈረሰውን ግድግዳ ይተካል፤ ከሥራ ቦታ፣ ከትምህርት ቤትና ከጎረቤት ጋር የነበረውን ቅርበት ግን አይተካም፤ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ደግሞ ትልቁ ሀብት ብዙ ጊዜ ይህ ቅርበት ነው። በቺሊዋ ኢኪኬ ከተማ ኪንታ ሞንሮይ በሚባል ቦታ፣ ግማሽ ሄክታር በሚያህል የመሐል ከተማ መሬት ላይ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የኖሩ ወደ መቶ የሚጠጉ ቤተሰቦች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተመደበው የመንግሥት ድጎማ 7,500 ዶላር ስለነበረ፣ ሙሉ ቤት የሚሠራላቸው ርካሽ መሬት ባለበት በከተማው ዳር ብቻ ነበር። አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬናና ባልደረቦቹ ከቤተሰቦቹ ጋር ተወያይተው በ2004 የተጠናቀቀው ሥራ ሌላ መንገድ ተከተለ፦ ቤተሰቦቹ በቦታቸው እንዲቆዩ፣ በድጎማው የቤቱ ግማሽ፣ ማለትም አንድ ቤተሰብ ለብቻው ሊሠራው የሚከብደው ምሰሶው፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያውና ደረጃው እንዲሠራ፣ ቀሪውን ግማሽ በተተወለት ክፍት ቦታ ላይ ራሳቸው እንዲሞሉት ሆነ። በታይላንድም ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደው ባን ማንኮንግ የተባለው ፕሮግራም ገንዘቡን ለተደራጁት ነዋሪዎች እየሰጠ ቦታቸውን ራሳቸው እንዲያቅዱ ያደርጋል።

እናንተም ስትደራጁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ የካሳው መጠን ባይሆን ጥሩ ነው። በዚያው ቦታ ወይም በቅርብ ርቀት ለመቆየት የሚያስችል አማራጭ ተጠንቶ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተጠና እንዲጠና ጠይቁ፤ ተጠንቶ ከተተወም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

ጥያቄ፦ ረጃጅም ሕንፃ አንፈልግም ማለት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ግን ከፍታንና የነዋሪ ብዛትን ለይታችሁ ተናገሩ። ያንኑ የቤት ቁጥር በጥቂት ረጃጅም ሕንፃዎችም፣ አምስትና ስድስት ፎቅ ባላቸው ተያያዥ ሕንፃዎችም ማግኘት ይቻላል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በ1950ዎቹ የተሠሩትና ከ1972 ጀምሮ የፈረሱት 33 ባለ11 ፎቅ ሕንፃዎች የከፍታ ጥፋት ምሳሌ ሆነው ይነሣሉ፤ ሆኖም ከተማው ሕዝብ እየለቀቀው ነበር፣ የጥገናው ወጪም ከድሃ ተከራዮች ኪራይ እንዲሸፈን ተደርጎ ነበር። ስለዚህ የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከፎቁ ቁጥር በፊት ብትጠይቁ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ግንባታውን ጨርሶ ማስቀረት እንችላለን?

መልስ፦ እንደየአገሩ ሕግ ነው። በእንግሊዝ ከ2011ዱ ሕግ ወዲህ ነዋሪዎች የሠፈራቸውን ፕላን ራሳቸው አዘጋጅተው በሕዝበ ውሳኔ ማጽደቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፕላናቸው ከሰፊው የአካባቢ ፕላን ያነሰ የቤት ቁጥር ሊያቅድ አይችልም። በምትኩ፣ አልሚዎች ከሚከፍሉት የመሠረተ ልማት ክፍያ፣ ፕላን ያላቸው ሠፈሮች 25 በመቶ ይደርሳቸዋል፤ የሌላቸው የሚያገኙት 15 በመቶ ነው። ይህ ሚዛን ተገቢ ይመስለኛል፦ ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው የከተማው ሁሉ ጉዳይ ሲሆን፣ እንዴትና የት ይሠራ የሚለው ግን የሠፈሩ ነው።

ጥያቄ፦ ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የእኛ ሚና ያበቃል?

መልስ፦ አያበቃም። የባርሴሎናን መስፋፊያ ያቀደው ኢልዴፎንስ ሰርዳ በ1859 በጸደቀው ፕላኑ፣ በእያንዳንዱ ብሎክ በሁለት ወገን ብቻ ሕንፃ ተሠርቶ መሐሉ የአትክልት ቦታ እንዲሆን አስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በተፈቀዱ ለውጦች አራቱም ወገን ተገነባ፣ ከፍታው ጨመረ፣ አብዛኛው የመሐል አትክልት ጠፋ። ከጸደቀ በኋላ የሚደረጉ የፕላን ማሻሻያዎች እንደ መጀመሪያው ፕላን ይፋ እንዲደረጉ መጠየቅና መከታተል የሚገባው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጽሑፍ አስተያየት ለማቅረብ አሥራ አምስት ቀን ተሰጥቶናል። ምን ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ ዕቅዱን በመደገፍ ወይም በመቃወም አትጀምሩ። መጀመሪያ የዕቅዱን መለያ ቁጥርና የምትኖሩበትን ቦታ ጻፉ፤ ቀጥላችሁ አንድ ጉዳይ በአንድ አንቀጽ፣ ከሚመለከተው የንድፉ ገጽ ጋር አቅርቡ፤ በእያንዳንዱ ሥር እንዲደረግ የምትፈልጉትን ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። «መንገዱ ይጨናነቃል» ከማለት ይልቅ፣ ጠዋት በየትኛው መገናኛ ላይ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚሆን ገልጻችሁ፣ የትራፊክ ጥናቱ ያን ሰዓት ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሁላችሁም ፈርማችሁ ከማስገባት፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለየብቻ ቢጽፍ ይበልጣል። ዕቅዱ ውስጥ የወደዳችሁት ነገር ካለም በስም ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ወጪ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን ስታስገቡ ቀንና የመዝገብ ቁጥር የሰፈረበት ቅጂ ተቀበሉ፤ ይግባኝ ማለት ቢያስፈልግም ጊዜው ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ውሳኔው የሚወጣበትን ቀንና ቦታ በዚያው ዕለት ጠይቃችሁ መዝግቡ።