የአንባብያን ጥያቄ፦ በድንገት የሞተች እህትና የማይገጥም ቃል

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ታላቅ እህቴ ከባለቤቷና ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር ዘጌ ትኖር ነበር። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን በማለዳ ባለቤቷ ደውሎ «ማታ ሆዷን አሟት ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ አደረች፤ ቶሎ ድረሺ» አለኝ። በጀልባ ተሻግሬ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። ለአጎታችን ግን «ደህና ተኝታ ጠዋት ስቀሰቅሳት አልነቃ አለች» ብሏቸዋል። አላለቀሰም፤ ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ሲቀበል ነው የዋለው። ከመሞቷ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል በደወልኩ ቁጥር ስልኳን የሚያነሣው እርሱ ነበር፤ «ተኝታለች» ይለኛል። ከገነዟት ሴቶች አንዷ ለብቻዬ ወስዳኝ «አፏ አረፋ ደፍቆ፣ ትራሱም ርሶ ነበር» አለችኝ። ዐርባዋ ሳይወጣ ደግሞ የቡና መሬቱን የይዞታ ደብተር በስሙ ብቻ ለማድረግ ቢሮ መመላለስ እንደጀመረ ሰማሁ። ቤተሰቡ «ተይ፣ ነፍሷን አሳርፊ» ይለኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። መጠርጠሬ ኃጢአት ነው ወይስ ልከተለው የሚገባኝ ነገር አለ?

*እህቷ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናናዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መጠርጠርዎ ኃጢአት አይመስለኝም። ሆኖም የጻፉልኝ ነገሮች ሁሉ እኩል ክብደት የላቸውምና አንድ በአንድ ለይቼ ብመዝናቸው ይሻላል፤ በልብዎ በጣም የከበደው ምናልባት ከሁሉም የቀለለው ሊሆን ይችላል።

እርሱም አለማልቀሱ ነው። በመርማሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሚስቱ በሞተችበት ቀን አንዲት ጠብታ እንባ ሳይወጣው ጓሮ ገብቶ እንጨት ሲፈልጥ የዋለ ባል አይቻለሁ፤ ሰውየው ምንም በደል አልነበረበትም። ፊቱን እየነጨ ከአስከሬኑ ላይ አልነሣም ያለ ሌላ ሰውም አጋጥሞኛል፤ የእርሱ ጉዳይ ያለቀው በማረሚያ ቤት ነው። ኀዘን አንዱን ያስጮኸዋል፣ ሌላውን ያደነዝዘዋል፤ ወንድ ልጅ በሰው ፊት እንባውን ዋጥ ያድርግ እያልን ያሳደግነውም እኛው ነን። ስለዚህ የፊቱን ነገር ከሒሳብዎ ያውጡት።

የቀብሩን መፋጠንና የመርዶውን አነጋገርም እንዲሁ በጥንቃቄ ይመልከቷቸው። በሌላ አገር ስለ አጠራጣሪ ሞት የሚጽፉ ሰዎች ፈጥኖ መቅበርንና የሞትን ዜና መደበቅን እንደ አደጋ ምልክት ይቆጥሯቸዋል። በእኛ ዘንድ ግን ሌሊት የሞተ ሰው በማግስቱ ይቀበራል፤ ለሩቅ ዘመድም «በጠና ታማለች፣ ድረሺ» እንጂ «ሞታለች» ብሎ በስልክ የሚናገር ሰው ብዙ አይደለም። በማለዳ የደወለልዎት ጊዜ ሞቷን አለመናገሩ ወግ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ግን ከወግ ያልፋል። መርዶ የሚያለዝብ ሰው «አሟታል» ብሎ ያቆማል፤ እርሱ ግን ሆዷን እንደታመመችና ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ እንዳደረች ዘርዝሮ ነግሮዎታል፣ በኋላም ለአጎትዎ ከዚህ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ቃል ሰጥቷል። ደንግጦ የተናገረ ሰው ሰዓት ያዛባል፣ ማን አስቀድሞ እንደገባ ይረሳል፤ ይህ የተለመደ ነው። መርማሪን የሚያስቆመው ቃሉ ወዴት እንደተለወጠ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ ካደረች፣ ለምን ጎረቤት አልጠራም፣ ለምንስ ጤና ጣቢያ አላደረሳትም የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ «ደህና ተኝታ ነበር» የሚለው ሁለተኛው ቃል ይህን ጥያቄ ገና ሳይነሣ ይዘጋዋል። የተናጋሪውን ሸክም በሚያቀል አቅጣጫ የሚለወጥ ቃል ከደረቅ ዓይን ይልቅ እጅግ ብዙ ይናገራል።

የሦስቱን ሳምንት ስልክም አቅልዬ አላየውም። ከእርስዎ ሌላ ማን እንዳላገኛት ይጠይቁ። ቡና የሚጠራሯት ጎረቤቶቿ በእነዚያ ቀናት አይተዋታል ወይ? የወር ማኅበርተኛ ከነበረች በመጨረሻው ማኅበር ላይ ተገኝታለች ወይ? ካልተገኘች ምን ምክንያት ተሰጠ፣ ማንስ ሰጠው? ታማ ከነበረ ሕመሟን የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ወይም የንስሐ አባት ይኖራል። ጎረቤቶቿ በየቀኑ ያገኟት ከነበረ የስልኩ ነገር ብዙም አያስኬድም፤ እነርሱም በር ላይ እየተመለሱ ከነበረ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ስለ ይዞታ ደብተሩ ስጽፍልዎ እ.ኤ.አ. በ1915 በእንግሊዝ አገር የተፈረደ አንድ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ጆርጅ ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ሰው ያገባቸው ሦስት ሴቶች ከ1912 እስከ 1914 ባሉት ዓመታት ሦስቱም በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ እያንዳንዱም ሞት በጊዜው እንደ አደጋ ታለፈ። ነገሩን የገለጠው ከሴቶቹ የአንዷ አባት ነው። በጋዜጣ ላይ የሌላ ሙሽራ አሟሟት ታትሞ ቢያነብ የገዛ ልጁን አሟሟት ሆኖ አገኘውና ለፖሊስ አሳወቀ። መርማሪዎቹ ወረቀቱን ሲያገላብጡ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ከመሞቷ 5 ቀን በፊት ንብረቷን ለእርሱ ተናዝዛ መፈረሟንና ሁለቱ ደግሞ የሕይወት መድን የተገባላቸው መሆኑን አገኙ። እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የወረቀቶቹ ቀን ሁሉ ከሞቱ በፊት መሆኑን ነው። ከሞት በኋላ ለንብረት መሯሯጥ ነውር ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ቀድሞ እንዳይነጥቀው ከመፍራት የመጣም ሊሆን ይችላል፤ ወንጀልን ግን አያሳይም። የእህትዎ ባለቤት መሬት አስተዳደር ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደው መቼ ነው? ከመሞቷ በፊት ያስገባው ማመልከቻ ካለ ያ ቀን ትልቅ ነገር ነው። በክልላችን ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይሰፍራል፤ የእርሷ ድርሻም ለልጇ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ የሞቷ ነገር ምንም ይሁን ምን የልጁን መብት ዛሬውኑ ለቢሮው በጽሑፍ ያመልክቱ።

አሁን ገናዧ ወደ ነገረችዎ ልምጣ። አስከሬን የሚያጥቡና የሚገንዙ ሴቶች በእኛ አገር የሐኪም ዓይን ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ የመጨረሻዎቹ ምስክሮች ናቸው፤ አንድም ሰው ሳይጠይቃቸው አቡጀዲው ተጠቅልሎ ነገሩ ያበቃል። በየገበያው የሚሸጠው ማላታይንና የመሳሰለው ፀረ ተባይ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምራቅና አረፋ ያበዛል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያልባል፣ የዓይን ብሌንን እንደ መርፌ ጫፍ ያጠብባል፣ ጡንቻን ያንቀጠቅጣል። ነገር ግን ልቡ የደከመ ሰው ሳንባው ውኃ ሲቋጥር፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ሲጥለው አረፋ ይደፍቃል። ስለዚህ አረፋው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የገነዟትን ሴቶች ለየብቻቸው ያነጋግሩ፤ «አንገቷ ላይ ምልክት ነበር?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ስታጥቧት ምን አያችሁ?» ብለው ይተዉአቸው፤ ያሉትንም በራሳቸው አነጋገር፣ ቀኑን ጨምረው ይጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መጻፉ ቢከብደኝም። እህትዎ መርዝ ወስዳ ከሆነ፣ በራሷ እጅ ወስዳው ሊሆን ይችላል። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም በሚል ፍርሃት ስንቱ ቤተሰብ እውነቱን ቀብሮ «በሆድ ሕመም» እንዳለ አውቃለሁ። ቃሉ የሚለዋወጥ ባል ገዳይ ሳይሆን የሚስቱን ፍትሐት ለማስጠበቅ የዋሸ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡም «ነፍሷን አሳርፊ» የሚልዎ ይህንኑ ሰምቶ ይሆናል። እንዲህም ሆኖ እውነቱ መታወቅ አለበት፤ ምን እንዳደረሳት፣ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ትታገስ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነውና። ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መገፋፋትና መርዳትም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል።

ልጁን አይጠይቁት። እንደሚያጓጓዎ አውቃለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ አዋቂ ደጋግሞ ሲጠይቀው የሚፈለግበትን መልስ ማፈላለግ ይጀምራል፣ ሲደጋግመውም ያመነው ይመስለዋል፤ በኋላ በሠለጠነ ባለሙያ ሲጠየቅ እውነተኛ ትዝታውን ከሰጡት ቃል መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ራሱ ከተናገረ ያዳምጡ፣ ያለውን ቃል በቃል ይጻፉ፣ እቅፍ ያድርጉት። ባለቤቷንም ፊት ለፊት አይግጠሙት፤ በደለኛ ከሆነ ማስረጃ ያጠፋል ወይም እርስዎን ይጎዳል፣ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ዳግም የማይጠገን ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ ፖሊስ ይሂዱ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ያየ ቢሆንም ባይሆንም፣ የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቃልዎ ተጽፎ ይነበብልዎታል፣ ይፈርማሉ። «ገድሏታል» አይበሉ። «በዚህ ቀን እንዲህ አለኝ፣ ለአጎቴ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ ማየቷን ነገረችኝ» ይበሉ። በሐሰት መወንጀል የሚያስጠይቀው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ የሚከስን ሰው ነው፤ ያየና የሰማውን በቅንነት የተናገረ ሰው የሚፈራው ነገር የለም። አስከሬን በሕጋዊ ትእዛዝ ከመቃብር ወጥቶ ሊመረመር ይችላል፤ እንደ አርሴኒክ ያለው መርዝ ከፀጉርና ከጥፍር ለዓመታት አይጠፋም፣ ሌላው ግን በጊዜ ብዛት ይመናመናል፣ ስለዚህ ሰማንያዋ እስኪደርስ አይጠብቁ። በመጨረሻም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 838 መሠረት ሟችን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው ሊወርሰው አይችልምና፣ ምርመራው የልጁን ውርስም የሚመለከት ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ወር ባሏ የሞተባት አባላችን «ዓይኗ ደረቅ ነው» ተብላ በድንኳኑ ውስጥ ስትታማ ሰነበተች። ወጣቶቹ በስልክ የሚዞር «የገዳይ ምልክቶች» የሚል ዝርዝር እያነበቡ ከእርሷ ጋር ያመሳክሩ ነበር። ሰውየው ለዓመታት በልብ ሕመም ሲታከም መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። እድሩ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል?

መልስ፦ ያን ዝርዝር ለሚያነቡት ልጆች የሊንዲ ቻምበርሌይንን ታሪክ ይንገሩልኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1980 በአውስትራሊያ በረሃ፣ ኡሉሩ ከተባለው ዐለት አጠገብ ድንኳን ተክለው ሳሉ የዘጠኝ ሳምንት ሕፃኗ ጠፋችባት። እናቲቱ ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ወሰዳት አለች። ሕዝቡ ግን በቴሌቪዥን ሲያያት ረጋ ብላ ትናገራለች፣ አታለቅስም፣ እናት እንዲህ አትሆንም ብሎ ፈረደባት። በመኪናዋ ውስጥ ደም ተገኘ ተብሎም ተመሰከረባት፤ በኋላ ሲመረመር አብዛኛው ከፋብሪካ የተረጨ ድምፅ መከላከያ ቅብ መሆኑ ታወቀ። በ1982 ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በ1986 የሕፃኗ ሹራብ የዲንጎ ጎሬ በሚበዛበት ስፍራ ተገኝቶ ተፈታች፣ በ1988 ፍርዱ ተሻረ፣ ሕፃኗን የወሰዳት ዲንጎ መሆኑ በይፋ የተረጋገጠው ግን በ2012 ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

እድሩ ሊያደርግ የሚችለው ጥሩ ነገር ግን አለ። ጤነኛ የነበረ ሰው በድንገት ሲሞት፣ ወይም ከሐይቅ ከወጣ፣ ወይም ከሰል በተያያዘበት በተዘጋ ቤት ውስጥ ከተገኘ፣ ጥሩምባው ከመነፋቱና አስከሬኑ ከመታጠቡ በፊት ፖሊስ እንዲጠራ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ከሆነ ማንም «እኔን ጠረጠራችሁኝ» ሊል አይችልም። የጠጣበት ብርጭቆ አይታጠብ፣ ያስመለሰበት ጨርቅ አይጣል፣ ልብሱ አይቀየር። ለረጅም ጊዜ ከዚህ አካባቢ አስከሬን ለምርመራ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ይላክ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ «ሬሳ አናንገላታ» እያለ ይተወው ነበር። መዘግየቱ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ ለማጓጓዣውና ለቆይታው የእድሩ ገንዘብ ቢደርስላቸው ግን ጭንቀቱ በእጅጉ ይቀላል።

ለአባላችሁ ደግሞ፣ ዐርባው ከመድረሱ በፊት ሐሜቱን ካነሡት ሰዎች ጋር ሆናችሁ ቤቷ ሂዱና ይቅርታ ጠይቋት።