ትንሽ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩውን እንዴት ይመርጣል? አዳራሹ ውስጥ ከነበረ ሰው የተሰጠ መልስ

የእህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ «አሜሪካ ድምፅ ስሰጥ ወረቀቱ ላይ ከዴሞክራቱና ከሪፐብሊካኑ ሌላ ስሞች አየሁ። ሲወዳደሩ ግን በቲቪ አላየሁም። እነዚህን ማን መረጣቸው?» እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ የሊበርታሪያን ፓርቲ (የመንግሥት ሥልጣን ይቀነስ የሚል ፓርቲ ነው) አባል ነኝ፣ በ2024 ዕጩው የተመረጠበት ጉባኤ ላይም ነበርኩ። ስለዚህ በማውቀው ፓርቲ ልመልስልሽ።

የመረጧቸው አዳራሹ ውስጥ የተገኙት ልዑካን ናቸው፤ አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም። በአንዳንድ ስቴቶች የሊበርታሪያን ፕራይመሪ (ዕጩ ለመለየት የሚደረግ ቅድመ ምርጫ) ይካሄዳል፣ ውጤቱ ግን ልዑካኑን አያስገድድም። በ2020 የካሊፎርኒያን ፕራይመሪ ያሸነፈው ጄከብ ሆርንበርገር ነበር፤ ዕጩ ሆና የወጣችው ግን ጆ ጆርገንሰን ናት። ልዑካኑ የሚመረጡት በየስቴቱ የፓርቲ ጉባኤ ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰው ትንሽ ነው። የእድር ጠቅላላ ጉባኤ አስቢ፤ የሚወሰነው በመጣው ሰው ነው፣ የቀረው ውሳኔውን ኋላ ይሰማል።

የ2024ቱ ጉባኤ የተካሄደው በሜይ መጨረሻ፣ ዲሲ ዋሽንግተን ሒልተን ሆቴል ነው፤ አዳምስ ሞርጋን አጠገብ ያለው፣ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው። ዜናው በሙሉ የዶናልድ ትራምፕ ነበር፦ ቅዳሜ ማታ መጥተው ድጋፍ ጠየቁ፣ ከታዳሚው ብዙው ጮኸባቸው። ዋናው ሥራ ግን እሑድ ነበር፤ እሱን ብዙ ሰው አልተከታተለውም።

ልዑካን የሚቀመጡት በየስቴታቸው ነው። እያንዳንዱ ልዑክ የመረጠውን ወረቀት ላይ ጽፎ ለስቴቱ ሰብሳቢ ይሰጣል፣ ሰብሳቢው ይቆጥራል፣ ከዚያ ስቴቶቹ በየተራ ማይክ ይዘው ውጤታቸውን ያሳውቃሉ። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል። የሚሞላ ከሌለ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። በ2016 ጋሪ ጆንሰን በመጀመሪያው ዙር 49.5 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ዙር ለመሄድ ተገዷል። በ2024 ደግሞ ሰባት ዙር ፈጀ። ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በዕጩነት ቢቀርቡም በመጀመሪያው ዙር ወደቁ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይመራ የነበረው ማይክል ሬክተንዋልድ ነበር፤ ሆኖም ሌላው ተወዳዳሪ ማይክ ተር ማት ከወጣ በኋላ ለተወዳዳሪው ለቼዝ ኦሊቨር ድጋፉን ሰጠና ሚዛኑ ተገለበጠ።

በጣም የምወደው ደንብ ይሄ ነው፦ በየዙሩ «ከእነዚህ ማንንም አልፈልግም» የሚል ምርጫ አለ፣ እሱም እንደ ተወዳዳሪ ይቆጠራል። ካሸነፈ ፓርቲው ለዚያ ዓመት ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ አያቀርብም። ሬክተንዋልድ ከወጣ በኋላ ኦሊቨር በመጨረሻው ዙር የተወዳደረው ከሰው ጋር አልነበረም፣ ከዚህ ምርጫ ጋር ነበር፤ 60 በመቶ ገደማ አግኝቶ አለፈ። ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው ልዑክ ዕጩ ባይኖር ይሻላል ብሎ ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ውጥረት ከዚህ ገምቺ።

ምክትሉንም ዕጩው አይሾመውም፣ ልዑካኑ ለብቻው ይመርጡታል። በ2020 ምክትል የሆነው ስፓይክ ኮኸን የሌላ ተወዳዳሪ ምክትል ለመሆን ሲቀሰቅስ የነበረ ሰው ነው። በ2024 የተመረጠው ተር ማት ነበር።

በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ አንዱን ተወዳዳሪ አግኝቼ ስለ ኢሚግሬሽን ጠየቅሁት። የቡና ብርጭቆውን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳይቸኩል መለሰልኝ፤ አንድ ነጥብ ላይ ስከራከረውም ቆሞ ሰማኝ። ለፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደር ሰው ጋር እንዲህ ማውራት በትልልቆቹ ፓርቲዎች ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚገኝ ነገር አይደለም።

የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። ልዑክ የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም የሚከፍለው ከኪሱ ነው። እኔ በሜትሮ ደርሼ ተመለስኩ፤ ከአይዳሆ ወይም ከአላስካ የሚመጣው ግን ሥራውን ትቶ፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ቀድሞውኑ ከምርጫው ውጪ ነው። የስቴት ፓርቲዎች ለልዑክ ጉዞ ገንዘብ ማሰባሰብ አለባቸው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ በስብሰባችንም እናገራለሁ።

ጉባኤው ካለቀ በኋላም ነገሩ አያበቃም። የኮሎራዶ ፓርቲ ኦሊቨርን አልቀበልም ብሎ ኬኔዲን ለማስመዝገብ ሞክሮ ነበር፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የወጣው ኦሊቨር ነው። ከዚያ የዕጩው ስም ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንዲወጣ ፊርማ ማሰባሰብ አለ። እኛ ቨርጂኒያ ለፕሬዚዳንት ዕጩ 5,000 የመራጭ ፊርማ ይጠየቃል፣ ከ11ዱ የኮንግረስ ወረዳዎችም ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ 200 መኖር አለበት። ፊርማ ያሰባሰበ ሰው ጣጣውን ያውቃል፦ ፈራሚው ቤት ቀይሮ አዲሱን አድራሻ ይጽፋል፣ ከመራጭ መዝገቡ ጋር አይገጥምም፣ ይሰረዛል። ስለዚህ ከሚፈለገው በብዙ አስበልጠን እንሰበስባለን። ኦሊቨር ወረቀቱ ላይ የወጣው በ47 ስቴት ነው፤ ጆንሰንና ጆርገንሰን ግን በ50ውም ነበሩ።

ሁሉም ትንሽ ፓርቲ እንዲህ ነው እንዳትዪ። ግሪን ፓርቲ ጋ የየስቴቱ አባላት ድምፅ ይሰጣሉ፣ ልዑካኑም በውጤቱ መጠን ይከፋፈላሉ። በ2024 ጂል ስታይን የተመረጠችበት ጉባኤያቸው በኢንተርኔት ነው የተካሄደው።

አንቺም መሳተፍ ከፈለግሽ፣ የሊበርታሪያን ብሔራዊ አባል ለመሆን ኃይልን ቀድሞ መጠቀምን እንደምትቃወሚ ትፈርሚያለሽ፤ መዋጮ ከፋይ አባል ለመሆን ደግሞ በዓመት ቢያንስ 25 ዶላር ነው። ዋናው ግን የስቴትሽ ፓርቲ ጉባኤ መቼ እንደሆነና ልዑክ ለመሆን በስንት ቀን ቀድሞ አባል መሆን እንደሚጠይቅ አሁኑኑ መጠየቅ ነው፤ ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። የምትኖሪበትን ስቴት እዚህ ጻፊልኝ፣ ማንን እንደምትጠይቂ እነግርሻለሁ።