ኢንጂነሪንግ ደርሶህ ሥዕል ከመረጥክ

ወንድሜ፣ ምደባህ ኢንጂነሪንግ ሆኖ ሳለ ሥዕል መማር እንደምትፈልግና አባትህ «በሥዕል ማን በላ?» እንዳሉህ ሳነብ ልቤ ተነካ። ንቀት አይመስለኝም፤ ያስጨነቃቸው እንጀራህ ነው። ስለዚህ ፍላጎትህን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምትኖርም ንገራቸው።

ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን አንሳላቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት ለማዕድን ምህንድስና ነበር። እዚያ ግን መምህራኖቻቸው ተሰጥኦአቸውን አይተው አበረታቷቸው፣ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ፣ ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ድረስ ገብተው ተማሩ። ዛሬ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ቆሞ የሚያየው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ነው። አባትህ «ሁሉም አፈወርቅ አይሆንም» ይሉሃል፤ እውነታቸውን ነው፣ አትከራከራቸው።

ይልቅ «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንዳለና ዲግሪ እንደሚሰጥ ንገራቸው። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። ከቀለም ቅቡ ሌላ ቅርጻ ቅርጽም፣ ግራፊክስም አለ፤ ግራፊክስ የያዘ ልጅ በማስታወቂያና በኅትመት ሥራ ይገባል። ሥዕሉ እስኪሸጥ በማስተማር የሚኖሩ ሠዓሊዎችም ብዙ ናቸው፤ ይህንንም አትደብቃቸው። የተመራቂዎች ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ይዘሃቸው ሂድ፣ ሥራውን በዓይናቸው ይዩት።

ብቻህን ፊት ለፊት አትጋፈጣቸው። የሚሰሙትን አጎት ወይም የንስሐ አባታችሁን አስቀድም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የመግቢያ ፈተና ሳታልፍ ደግሞ አደራህን፣ ምደባህን አትልቀቅ።