የሰው ሥዕል ፎቶ አንስቼ የራሴ ሥራ ነው ማለት እችላለሁ? (ጥያቄና መልስ)

ባሕር ዳር ተቀምጬ ሥዕልም ፎቶም ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጣና ገዳማት ሥዕሎች የተነሱ ፎቶዎች በፖስትካርድ፣ በቲሸርትና በሆቴል ግድግዳ ላይ በበዙ ቁጥር «ይህ የማን ሥራ ነው?» የሚለው ክርክርም በዛ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር፤ ለመጡት ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄጄ የመቅደሱን ሥዕል አነሳሁ። ካሜራው የኔ፣ ድካሙ የኔ። ሥራው የኔ ካልሆነ የማን ነው?

ወንድማለም፣ ፎቶው ያንተ ነው፤ ሥዕሉ ግን የሠዓሊው ነው። ፎቶህን ያየ ሰው ምኑን ያደንቃል? የጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ፣ የቅዱሳኑን ትልልቅ ዓይን፣ ቀዩንና ቢጫውን ቀለም። ይህን ሁሉ የወሰነው ሠዓሊው ነው። አንተ የወሰንከው «እንዳለ ቁጭ ይበልልኝ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ጥሩ ቅጂ ሠርተሃል። ቅጂ መሥራት ደግሞ ነውር የለውም፣ ክቡር ሙያ ነው።

ወደ ኋላ ራቅ ብለህ፣ የጠዋት ብርሃን በበሩ ገብቶ የሥዕሉን ግማሽ ሲያበራ፣ አንድ ቄስ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ ጠብቀህ ብታነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰዓቱን፣ ርቀቱን፣ ማን ከማን ጎን እንደሚታይ የመረጥከው አንተ ነህ። ያኔ ሥዕሉ በፎቶህ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ይሆናል እንጂ ፎቶህን አይሞላውም።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ሲማጸን ይታያል፤ ከላይ ወይም ከጎን ደግሞ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ለፖስትካርድ እንዲያምር ብለህ እነዚህን አትቁረጥ። ሥዕሉ ምን እንደሆነና ማን እንዳሠራው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ የቀረውን ምልክት እኛ ቆርጠን መጣል የለብንም።

ከደብረ ማርቆስ፦ አንድ ሥዕል በትክክል ለማንሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህ ድካም ፈጠራ አይባልም?

ድካሙን አውቀዋለሁ። ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ፍጹም ትይዩ ካልሆነ አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ካላቆምክ የዘይት ቀለሙ ያብረቀርቃል። የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ አስገብተህ ካላነሳህ ሰማያዊው አረንጓዴ ይመስላል። ግን ልብ በል፤ ይህ ሁሉ ጥረት የአንሺው እጅ እንዳይታይ ለማድረግ የሚደረግ ነው። በተሳካልህ መጠን አንተ ትጠፋለህ።

ይህን ፍርድ ቤትም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ በተወሰነ ጉዳይ፣ ብሪጅማን የተባለ የሥዕል ምስሎች አቅራቢ ኮሬል የተባለውን የሶፍትዌር ድርጅት ከሶ ነበር። የመብት ዘመናቸው ያለፈ ሥዕሎችን ፎቶ ገልብጦብኛል ነው ክሱ። ዳኛው ግን ሙያና ድካም ቢኖርበትም፣ ጠፍጣፋ ሥዕልን እንዳለ የሚገለብጥ ፎቶ ወጥ (ከራስ የመነጨ) ሥራ አይደለም ብለው ወሰኑ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ወደዚሁ አቋም መጥቷል። ለድካምህ ዋጋ ጠይቅ፣ ይገባሃል። የፈጣሪነት ስም ግን በድካም አይገኝም።

ከፍኖተ ሰላም፦ የኛ አገር ሕግ ምን ይላል?

ዋናው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሥራው ወጥ መሆን አለበት ይላል፤ ጥራቱንና ዓላማውን አይጠይቅም። የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለፎቶግራፍ የተሰጠው 25 ዓመት ብቻ ነው፣ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ። (ለፎቶ አንሺ ይህ አንሷል ባይ ነኝ።) በሕይወት ያለን ሠዓሊ ሥዕል አንስቶ ማባዛትና መሸጥ የሱን ፈቃድ ይጠይቃል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዘመኑ ቢያልፍም ባለቤት አለውና የደብሩን አስተዳዳሪ ሳታስፈቅዱ አትነግዱበት። ፍላሽም አታብሩ።

ከዘጌ፣ አንድ ዲያቆን፦ የጥንት ሠዓሊዎቻችንም እኮ ይቀዱ ነበር። እነሱን ማን ከሰሳቸው?

ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። እውነት ነው አባቴ፣ ይቀዱ ነበር። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በ1600 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በኢየሱሳውያን (በካቶሊክ ሚሲዮናውያን) በኩል ወደ አገራችን ገባ። ዛሬ በየገዳሙ የምናያት «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ከዚያ የመጣች ናት። እጇን ተመልከቱ፦ ግራው መሐረብ ይዟል፣ ቀኙ በላዩ ተሻግሮ ሁለት ጣት ወደ ታች ዘርግቷል። ይህ እንዳለ የተቀዳ ነው።

ግን ሠዓሊዎቻችን ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት። ፊቷን በኛ ፊት፣ ልብሷን በኛ ቀለም ሠሩት። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ሰው እጅ ተስሏልና፣ ሳይለወጥ ማለፍ አይችልም ነበር። ካሜራ ግን ምንም ሳይወስን ሁሉንም ይወስዳል። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ልክ እንደ እነሱ ቀድቻለሁ እንዲል፣ የሱ ሚካኤልና ገብርኤል የት እንዳሉ ማሳየት አለበት።

ከሞጣ፦ ውጭ አገር ግን የሰው ፎቶ መልሰው አንስተው ታዋቂ የሆኑ አሉ ይባላል።

አሉ። አሜሪካዊቷ የጥበብ ሰው ሼሪ ሌቪን፣ ፎቶ አንሺው ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1936 አላባማ ውስጥ ያነሳቸውን የድሃ ገበሬዎች ፎቶዎች ከካታሎግ ላይ መልሳ አንስታ እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ዮርክ አሳየች። ምንም አልቀየረችም። ሥራዋ ዛሬ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። እኔ ጥበብ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም የኢቫንስን ስም ርእሷ ላይ አስቀምጣ «ባለቤት ማን ነው?» ብላ በግልጽ ጠየቀች። ሥራዋ ጥያቄው ነው። ስም ደብቆ ፖስትካርድ የሚሸጥ ሰው በሷ ስም ሊከለል አይችልም።

ከእንጅባራ፦ ቀለሙን በኮምፒዩተር ብለውጠውስ?

ቀለም መቀየር ብቻውን አዲስ ሥራ አያደርገውም። ሠዓሊው በሕይወት ካለ ደግሞ ሥራዬ ተበላሸ ብሎ የመቃወም የሞራል መብት አለው።

ከባሕር ዳር፦ ሐውልትስ?

ሐውልት ከሥዕል ይሻላል፣ ዙሪያ አለውና። ዓባይ ዳር ያለውን የሰማዕታት ሐውልት አስር ሰው ቢያነሳው አስር ዓይነት ፎቶ ይወጣል። የት እንደምትቆም፣ ፀሐይዋ የት እንዳለች ካንተ ይመጣል። ቅርጹን ያወጣው ግን ሌላ ሰው መሆኑን ጻፍ።

ከዳንግላ፣ ሠዓሊ፦ ኤግዚቢሽን ላይ ያቀረብኩትን ሥዕል አንድ ሰው በስልኩ አንስቶ፣ በትልቁ አሳትሞ በራሱ ስም ለካፌ ሸጠው። ጎረቤቴ ነው፣ መካሰስ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

እታለም፣ በጣም አዝኛለሁ። ለግሉ አንድ ቅጂ አንስቶ ቢይዝ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ አሳትሞ መሸጥ ግን ያንቺ መብት ነው። መጀመሪያ የሥዕሉን ንድፍ፣ ስትሠሪ የተነሳሽውን ፎቶና የኤግዚቢሽኑን ወረቀት ሰብስቢ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂና ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ካፌው ያለው ቅጂ ላይ ስምሽ ይጻፍ፣ ከሽያጩ ድርሻሽን ይስጥሽ፣ ሌላ እንዳያሳትም በጽሑፍ ይፈርም። እምቢ ካለ አዋጁ አለልሽ። ለቀጣዩ ደግሞ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ጥግ ላይ ፈርሚ፣ ከጀርባው ስምና ዓመት ጻፊ፤ ፎቶ ላንሳ የሚልሽን ሁሉ «ሥዕል፦ የኔ ስም፣ ፎቶ፦ ያንተ ስም» ብሎ እንዲጽፍ ከማንሳቱ በፊት ንገሪው።